ጆሮው የቆመ ሁሉ

በዲበኩሉ መዝገብ ላይ የውሻ ዘር ሦስት ብቻ ነበር። ጆሮው የቆመ ሁሉ ጀርመን፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ሁሉ ፑድል፣ የቀረው ሐበሻ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ውሻ ሲከትብ፣ ካርዱ ላይ «ዝርያ» የሚለውን መስመር ባዶ ትቶት አያውቅም። ባዶ መስመር ያመዋል። ደግሞስ ማን ይከራከረዋል? የአዳማ ሰው እንደሆነ ለውሻ ስም ለማውጣት የሚያህለው የለም። መዳፍ ላይ የምታርፍ ነጭ ቡችላ ካየ «ፑድል ናት» ይላል፤ በር ላይ ታስሮ የሚያጉረመርም ካየ «ጀርመን ነው» ይላል፤ የሁለቱንም አገር ግን አይቶ አያውቅም።

ሰውዬውን ለማማት አይደለም። ዲበኩሉ ደግ ሰው ነው። የድሃ አህያ ሲያክም እንደ ባለጸጋ ፈረስ አክብሮ ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ ሆዱ አይችልም። የሚታማበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው የለም።

ጂጂ የተነከሰችው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ በቀትር ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለእናቷ ለዱሬቲ አንዲት ልጅ። አባቷ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ዱሬቲ ደጇ ላይ መደብ ዘርግታ ከመቂ የሚመጣ ቲማቲምና ሽንኩርት እየሸጠች ታሳድጋታለች። ልጅቷ ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮው አጥር ጥላ ሥር ብቻዋን ጠጠር ትጫወት ነበር። አዳማ ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት፤ በዚያ ሰዓት ግን ነፋሱ ቀጥ አለ። ጂጂ ቀና ያለችው ዝምታው አስደንግጧት ነው። ውሻው አጠገቧ ቆሟል። ሲመጣ አልሰማችውም። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም፣ ጥርሱን እንኳ አላሳያትም። ጎንበስ አለና ትከሻዋን ከአንገቷ ሥር ነክሶ ለቀቃት። ከዚያ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ቀስ ብሎ ሄደ።

«ምን ዓይነት ውሻ ነው?» አለች ዱሬቲ፣ ደሙን በነጠላዋ እያበሰች።

«ጀርመን» አለች ጂጂ።

ሆስፒታል ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ረዘም ላለ ጊዜ አጠቡት፤ የመጀመሪያውንም መርፌ ወጓት። ሐኪሙ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ነው የነገራት። የቀሩት መርፌዎች ቀን አላቸው፣ ቀናቸው አይለፍ። ውሻው ከተገኘና አሥር ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከታየ መርፌው ይቆማል። ካልተገኘ እስከ መጨረሻው ትወጋለች። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ መድኃኒት የለውም አላት። ዱሬቲ ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ የልጇን ጆሮ በእጇ ሸፈነች።

በነጋታው ጂጂን ይዛ ዲበኩሉ ዘንድ መጣች። ዲበኩሉ መዝገቡን አወጣ፣ ጣቱን በምራቁ አረጠበ፣ ገጽ ገለበጠ። በዚያ ቀበሌ ጀርመን ተብሎ የተጻፈ ውሻ አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ ዘውድነሽ ጃክ። ክትባቱን ከወሰደ ዓመት አልሞላውም።

«እፎይ በይ ልጄ» አላት። «እግዚአብሔር ሲወድሽ የተከተበ ውሻ ነው የነከሳት።»

ጃክ ቡናማ፣ ቀጭን፣ ዓይነ ቢጫ ውሻ ነው። ጆሮ የተቆረጠ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ስለሚባል በቡችላነቱ ጆሮው በምላጭ ተቆርጧል። ተቆርጦ የቀረው ስለማይወድቅ ቆሟል። ስለቆመም ጀርመን ሆኗል። እትዬ ዘውድነሽ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ናዝሬት ላይ አርባ ዓመት ሲኖሩ እንደ ጃክ የኮሩበት ነገር የለም። ዱሬቲና ዲበኩሉ ልጅቷን ይዘው ሲገቡ ውሻው ሰንሰለቱን እየጎተተ ጭራውን ቆላ።

ጂጂ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ ብላ አየችው።

«ይሄ ጀርመን አይደለም» አለች።

ዲበኩሉ ሳቀ። እትዬ ዘውድነሽ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

«ማነሽ አንቺ? ጃክዬን ነው? በወረቀት የተጻፈ ጀርመን ነው እኮ!»

«የአጎቷ ስልክ ላይ የውሻ ቪዲዮ ስታይ ነው የምትውለው፣ ይቅር ይበሉን» አለች ዱሬቲ፣ አፍራ።

«እኔ በእጄ ነው የጻፍኩት» አለ ዲበኩሉ፣ የልጅቷን ራስ እየደባበሰ። «የልጅ ነገር ነው። ሕፃን ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

ጂጂ ሌላም ነገር ተናግራ ነበር። እትዬ ዘውድነሽ ጃክን ማን እንዳመጣላቸው፣ እናቱ የማን ግቢ ትጠብቅ እንደነበር ማውራት ስለጀመሩ አልተሰማም። ዲበኩሉ በዚያው ውሻውን ለአሥር ቀን ሊከታተል ወሰነ፣ ደብተር ከፈተ፣ ጻፈ፦ «አንደኛ ቀን። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጤነኛ።»

ለሁለተኛው መርፌ የተቀጠረችበት ቀን ጂጂ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ዱሬቲ እየጎተተች፣ ልጅቷ እየጮኸች ሳለ ዲበኩሉ ደረሰ። ጩኸቱ አንጀቱን በላው።

«ለምን ታሰቃያታለሽ?» አለ። «ውሻው ክትባት አለው። በዓይኔ እያየሁት ነው። ተያት።»

«ሐኪሙ አሥር ቀን ነው ያለው፣ ጋሼ ዲበኩሉ።»

«ሐኪሙ ሰው ነው የሚያውቀው። ውሻ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ዱሬቲ አመነችው። ለምን አታምነው? እሷ የምታውቀው ቲማቲም ነው። ልጅቷ ከአልጋው ሥር ወጥታ የዲበኩሉን ጉልበት አቀፈች፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መልኩን ቀየረ።

ጃክ ይበላል፣ ይጠጣል። ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ነፋሱ ሲቆም፣ ተነሥቶ ወደ በሩ ያያል። ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር ይቆማል። ከዚያ ሰንሰለቱ እስከፈቀደለት ድረስ ወደ ኋላ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ያለቅሳልም። በሩ ላይ ግን ምንም የለም። እትዬ ዘውድነሽ አማተቡ።

«የቀትር ነገር ነው» አሉት። «ሰው የማያየውን ያያሉ።»

ዲበኩሉ ደብተሩ ላይ «ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። ለሌላው የሚሆን መስመር አላሰመረም።

በዱሬቲም ቤት በዚያው ሰዓት ጂጂ ጨዋታዋን ትተዋለች። «መጣ» ትላለች። «በር ላይ ቆሟል።» ዱሬቲ መደቧን ጥላ ትሮጣለች፤ በሩን ስትከፍት አቧራና ፀሐይ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ግን አቧራው ላይ የውሻ ዱካ አየች። በቀጥታ መጥቶ በሩ ሥር ይቆማል። የተመለሰበትን ፈለገች፣ አጣች። በአምስተኛው ቀን የበሩ ቆርቆሮ ላይ፣ በጉልበት ቁመት፣ የደረቀ ነጭ ነገር ተለጥፎ አገኘች። በጨርቅ ጠርጋ ጨርቁን ጣለችው፤ ለዲበኩሉም ነገረችው።

«የልብስ ሳሙና አረፋ ይሆናል» አላት።

«እዚያ ጋ ልብስ አላጥብም።»

«እንግዲያው ነፋስ ያመጣው ነው። ፍርሃት ብዙ ያሳያል፣ ልጄ።»

ዲበኩሉ በዚያው ሰሞን ሌላም ወሬ ሰምቷል። አንድ የባጃጅ ሹፌር በቦኩ በኩል፣ ከመሬት እንፋሎት የሚወጣበት አካባቢ፣ አንድ ጥቁር ላብራዶር ውሻ ከባጃጁ ፊት አልነሣም እንዳለው ነግሮታል። የመጋዘን ዘበኛ ደግሞ አፉን ከፍቶ የሚዞር ተኩላ የመሰለ ነገር አይቻለሁ ብሏል። ከወለንጪቲ እህል ይዛ የመጣች ሴት በቀን ጅብ አየሁ ብላ ምላለች። ዲበኩሉ ሁሉንም ሰማ፣ ሁሉንም በየስሙ ለየብቻ አስቀመጠ። ላብራዶሩ የጠፋበት ሰው ይፈልገው፤ ጅቡን ማዘጋጃ ቤት ይወቅበት። እሱ የሚከታተለው ጀርመን ነው። ስሙ ሲለያይ እንስሳውም የተለያየ መሰለው። ከዚህ የበለጠ ሞኝነት የለም፤ ግን ያን ጊዜ ሞኝነት አልመሰለውም፣ እውቀት ነው የመሰለው።

በሰባተኛው ቀን ጃክን አይቶ፣ ጽፎ፣ ወደ ዱሬቲ ቤት ሊሄድ በጠባቡ ቅያስ ገባ። ቀትር ነው። ሱቆቹ ፀሐዩን ሸሽተው ግማሽ በራቸውን ዘግተዋል። ነፋሱ ቆመ። የራሱን ጫማ ድምፅ ሲሰማ ዲበኩሉ ሳይወድ ረገጥ ማድረጉን ትቶ በቀስታ መራመድ ጀመረ።

ከሠፈሩ የውሃ ቦኖ ሥር፣ ውሃ ባቆረው ጉድጓድ ላይ፣ አንድ ትልቅ ውሻ አፉን ነክሮ ቆሟል። ጀርባው ጥቁር፣ እግሮቹ ወርቅማ፣ ወገቡ ወደ ኋላ ዝቅ ያለ። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ምላጭ ነክቷቸው አያውቅም። እንዲህ ያለ ውሻ ዲበኩሉ ተማሪ ሳለ በመጽሐፍ ሥዕል ነው ያየው። አፉ ውሃው ውስጥ ነው፤ አይጠጣም። ምላሱ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ መንጋጋው አይዘጋም፤ ጉሮሮው ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጠብታ አይወርድም። ቀና ብሎ ወደ ዲበኩሉ ዞረ። አየው ማለት ግን አይቻልም፤ ዓይኖቹ በሰውዬው ውስጥ አልፈው ሌላ ነገር ነው የሚያዩት።

ዲበኩሉ በሕይወቱ ብዙ ያበደ ውሻ አይቷል። እንዲህ ፈርቶ ግን አያውቅም። የፈራው ንክሻውን አይደለም። የፈራው አፉ ላይ የመጣለትን ስም ነው። ውሻው በአጠገቡ፣ ልብሱን ሊነካው ትንሽ ሲቀረው፣ በቀጥታ አልፎ ሄደ፤ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ መከተል አላስፈለገውም። የዱሬቲ ቤት በዚያ በኩል ነው።

ጮኸ። እንዴት እንደጮኸ አያስታውስም። የሠፈሩ ወጣቶች ድንጋይና ብረት ይዘው ወጡ፤ ውሻው ከዱሬቲ በር አሥር እርምጃ ሲቀረው ገደሉት። ሲመቱት ድምፅ አላሰማም።

ሰዉ ገና ሳይበተን አንድ ጎልማሳ ግፊያውን እየሰነጠቀ ገባ። ነገሪ ይባላል፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

«ሰሬ ኮ! ውሻዬ!» አለ፣ ራሱን ይዞ። «ሰንሰለት በጥሶ ከጠፋ አሥር ቀኑ ነው። ጀርመኔን ስፈልግ ያልረገጥኩት ቦታ የለም።»

«ጀርመን?» አለ ዲበኩሉ። «የተከተበ ነው? መዝገቤ ላይ የለም።»

ነገሪ ቀና ብሎ አየው። በቅጽበት ለየው።

«እርስዎ ነዎት! ቡችላ ሳለ እርስዎ ዘንድ አምጥቼው ነበር። ገና ሦስት ወር አልሞላውም ብለው ክትባቱን ለሌላ ቀን ቀጠሩኝ። ካርዱ ላይ ‹ሐበሻ› ብለው ጻፉ። ጀርመን ነው ስልዎ፣ ‹ጆሮው ወድቆ ምኑ ነው ጀርመን?› ብለው ሰው ፊት ሳቁብኝ። ጆሮው ሲያድግ ነው የሚቆመው እኮ፣ ጋሼ! ተናደድኩና ካርዱን ቀድጄ ሄድኩ። ድጋሚ አላመጣሁትም።»

ዲበኩሉ አላስታወሰውም። ነገሩ ያመመው እዚህ ላይ ነው፤ እንዲያ የሳቀባቸው ሰዎች ስለበዙ ይህን ለይቶ ሊያስታውሰው አልቻለም።

ዱሬቲ በሩ ላይ ቆማለች። ጂጂ ከጀርባዋ ናት። ልጅቷ ሬሳውን አይታ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«ነግሬያችሁ ነበር» ብቻ አለች።

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ለማንኛውም እንውሰዳት» ብሎ ሊያድበሰብሰው ይችል ነበር። ይህን ግን አላደረገም፤ ለእሱ የምንመሰክርለት ይህችን ያህል ነው።

«የነከሳት ይሄ ነው» አላት። «ተሳስቼ ነው መርፌውን ያስቆምኩሽ። አሁኑኑ እንሂድ።»

ዱሬቲ አልሰደበችውም። «ያ ዋቃዮ» ብላ አምላኳን ጠራችና ልጅቷን አዘለቻት፤ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ እንደ አራስ ታዘለች። በጠሩት ባጃጅ ውስጥ ዲበኩሉ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እናትና ልጅ ከኋላው ናቸው።

ሐኪሙ ቁስሉን አየ፣ ቀኑን ቆጠረ፣ መርፌውን ዳግም አስጀመረ። መጀመሪያ የተወጋችው አንዱ መርፌ ሳይረዳት አይቀርም አለ። ግን ቁስሉ ለራስ ቅል ቅርብ ነው፤ የባከነው ጊዜም ባክኗል። በሽታው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል።

«ምኗን ነው የምጠብቀው?» አለች ዱሬቲ።

ሐኪሙ ዲበኩሉን አየው። ዲበኩሉ ያውቃል። ውሃ ስትሸሽ፤ ነፋስ ሲነካት ስትደነግጥ፤ የማይታይ ነገር ስታይ። ይህን ሁሉ በአዳማ ከተማ፣ ነፋስ በማያባራባት ከተማ፣ ለአንዲት እናት እሱ ራሱ በቃሉ ነገራት።

የውሻው ሬሳ ከከተማ ውጭ ተወስዶ ተቃጠለ። ነገሪም ሌላውም የነካው ሁሉ ተከተበ፤ ቆርቆሮውን በጨርቅ የጠረገችው ዱሬቲም አልቀረችም። ጂጂ መርፌዎቿን ሁሉ ጨረሰች፤ አሁን አልጋ ሥር አትገባም፣ ክንዷን ትሰጣለች፣ ፊቷን አታዞርም። ይህ ጸጥታዋ ዲበኩሉን ከጩኸቷ ይበልጥ አስፈራው። በየቀኑ ክሊኒኩን ዘግቶ በቀትር ይመጣል። ዱሬቲ አትከለክለውም፣ ግባም አትለውም። መደቧ ጥግ ላይ ባዶ የቲማቲም ሣጥን አለ፤ እዚያ ላይ ይቀመጣል።

ከተነከሰች በአርባ ሁለተኛው ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጣች። ሙቀቱ ያፍናል። ዱሬቲ እንደ ሁልጊዜው ውሃ በብርጭቆ ቀድታ ሰጠቻት። ሁለቱም የልጅቷን አፍ ያያሉ። ልጅቷ ብርጭቆውን ተቀብላ አየችው።

«አልጠማኝም» አለች።

«ትንሽ ቅመሺ፣ ማሎ፣ እባክሽ እናቴ» አለች ዱሬቲ።

«እኔን አይደለም የጠማው። እሱን ነው።»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ ወደ በሩ ሄደች። ነፋሱ ቆሟል። ቆርቆሮውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ውሃውን ደፍ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ ከዚያ ቁጢጥ ብላ አንድ ነገር ሲጠጣ እንደሚያይ ሰው ጠበቀች። ደረቁ አቧራ ውሃውን ዋጠው።

«ውሻው እኮ የለም፣ ጂጂ» አለ ዲበኩሉ። «ተቃጥሏል።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ሳትዞር። «ነግሬዋለሁ። ግን አሁንም ጠምቶታል።»

ዱሬቲ የጨበጠችውን ሽንኩርት ጣለች። ሣጥኑ ላይ ወደተቀመጠው ሰው ዞረች። በነዚያ ሁሉ ቀናት አንድም ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም ነበር።

«ጋሼ ዲበኩሉ። ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው? ወይስ እሱ ነው፣ በሽታው? ይንገሩኝ። ውሻ የማውቀው እኔ ነኝ ብለውኛል። ይንገሩኝ።»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። የልጅ ነገር ነው፣ አይዞሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ሁሉ ሲሰጥ የኖረው ዓይነት መልስ ነው፤ ቶሎ የሚመጣ፣ መስመር የሚሞላ፣ ሰው አመስግኖ የሚሄድበት። ልጅቷን አየ። ቁጢጥ ብላለች፣ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ አንገቷ ሥር ያለው ጠባሳ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ትጠጣለች ወይስ አትጠጣም? ፈርታ ነው ወይስ አዝና? ዓይኑን አጥብቦ አየ፤ የሚለይበት ምልክት አጣ።

«አላውቅም» አለ።

ዓይኑን ከልጅቷ ወደ እናቷ መለሰ።

«አላውቅም፣ ዱሬቲ።»

ዱሬቲ የጣለችውን ሽንኩርት አንሥታ መደቡ ላይ መለሰችው። ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ ሽማግሌ በሚከበርበት ድምፅ ተናገረችው።

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉ። እስኪያውቁ ድረስ ከዚህ አይነሡ።»

ዲበኩሉ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ተቀመጠ። በሩ ላይ ልጅቷ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ ተነሣችና፣ ወደ እነሱ ሳትመጣ፣ ውጭውን እያየች ቆመች።